በሽምግልና የተሞላ ጎማ

መጀመሪያ ይህ ነገር ያስከፈለኝን ልናገር። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋው ሳይነገር ወሬ አልጀምርም። እስራኤል አገር፣ ገዴራ ከተማ የነበረችኝን ፓንቸርያ፣ የጎማ መጠገኛ ሱቄን ማለቴ ነው፣ አሳጥቶኛል። የታላቅ እህቴን ደጅ አሳጥቶኛል። ስሜንም ቀይሮብኛል፤ ድሮ «ፈንቴ ጎሚስታው» ነበርኩ፣ ዛሬ በሌለሁበት «ሟርተኛው» ነኝ። ይህ ሁሉ የመጣው በንፋስ ነው። በነጻ የሚገኝ ነገር እንዲህ ሲወደድ እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ቂርያት ማላኪ ተቀምጫለሁ። ጠዋት ሰገነቱ ላይ ወንበር አውጥቼ ታች የቆሙትን መኪኖች አያለሁ። የየትኛው ጎማ ንፋስ እንደጎደለው ከላይ ሆኜ አውቃለሁ፤ የጎደለው ሆዱን መሬት ላይ ይዘረጋል። ወርጄ ለባለቤቱ ልንገረው እልና ተመልሼ እቀመጣለሁ። ከዕድሜዬ አብዛኛውን ጎማ ላይ ጎንብሼ የኖርኩ ሰው ዛሬ አፌን ዘግቼ የምቀመጠው ለምን እንደሆነ ይታወቅልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጎማን መጀመሪያ ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ላይ የበረባሶ ነጋዴ ነበርኩ። ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ ገዝቼ፣ ቆርጬ፣ ጫማ አድርጌ እሸጥ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤሎች ሰንበት ስለምናከብር ቅዳሜ አልሸጥም፤ በቅዳሜ ገበያ ቅዳሜ የማይሸጥ ነጋዴ ምን ያህል እንደሚያተርፍ እናንተው ገምቱት። ትምህርት ቤቴ ግን እሱ ነው። የጎማን ሆድ በቢላ የከፈተ ሰው ጎማው በምን እንደሞተ ያያል። በሚስማር የሞተ አለ፣ በእርጅና የሞተ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ከላይ ገና ጥርሱ ሳያልቅ ከውስጥ ጎኑ ዙሪያውን አሮ፣ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ለበረባሶ አይሆንም። ምን እንደገደለው ግን አላውቅም ነበር፤ ያወቅሁት ወደ እስራኤል መጥቼ፣ ያቭኔ ከተማ ጎማ ቤት ተቀጥሬ ነው።

ያቭኔ የቀጠረኝ ራሃሚም የሚባል ከሊቢያ የመጣ ሽማግሌ ነበር። እኔ ዕብራይስጥ አልችልም፣ እሱ አማርኛ አይችልም። የመጀመሪያው ቀን ዝም ብለን ተያየን። ከዚያ እኔ «ጎማ» አልኩ፤ ቀና አለ። «ካላማዳርያ» አልኩ፤ ሳቀ። «ክሪክ»፣ «ቸርኬ»፣ «ፍሬን» ስል ተነስቶ አቀፈኝ። ጣልያን የሱንም አገር የኔንም አገር ረግጦ ሲወጣ እነዚህን ቃላት ጥሎ ሄዷል፤ እኛ ለቅመን ተግባባንባቸው። ጣልያን ለኔ የሠራው ደግ ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

ደመወዙ እንደ ደመወዝ ነው፤ ስለሱ የሚወራ የለም። ሥራውን ግን ራሃሚም አስተማረኝ። መጀመሪያ ያሳየኝ የእጅ ፖምፓ ነው። ፈታና ከውስጡ እንደ ሲኒ የጎደጎደች የቆዳ ቁራጭ አወጣ። እጀታውን ወደ ታች ስትገፋው ቆዳዋ ተነፍታ ግድግዳውን ትይዛለች፤ ንፋሱ መሄጃ ስለሚያጣ ተጨምቆ ወደ ጎማው ይገባል። ወደ ላይ ስትስበው ቆዳዋ ትሰበሰብና በጎኗ አዲስ ንፋስ ታስገባለች። ቆዳዋ ከደረቀች ፖምፓው እስኪመሽ ቢገፉት ትርፉ ላብ ነው፤ ዘይት ትቀባለች። ቀጥሎ ትልቁን ኮምፕሬሰር እያሳየኝ «ይኸም ያው ነው» አለኝ በእጁ። ሞተሩ ክንድህን ተካ፣ በርሜሉ ንፋሱን አጠራቅሞ ያዘ፣ በመካከላቸው ያለችው አንድ አቅጣጫ ብቻ የምትከፈት ክዳን የገባው ተመልሶ እንዳይወጣ ከለከለች። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ንፋስ ሲጨመቅ ውሃ ይወልዳል። ስለዚህ ራሃሚም ጠዋት ከሰላምታ በፊት የሚያደርገው ጎንበስ ብሎ የበርሜሉን ሆድ ከፍቶ ውሃውን ማፍሰስ ነበር። ያልፈሰሰ ውሃ በርሜሉን ያዝገዋል፤ ወደ ደንበኛ ጎማም ይገባል። ሁለት መለኪያ ነበረው። አንዱ ሲሠራ ይውላል፤ ሁለተኛው በጨርቅ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። አንዳንዴ ያወጣውና ሠራተኛውን መለኪያ ይመረምርበታል። «የሚለካውን ማን ይለካዋል?» ይለኝ ነበር። ሲሞላ ከጎማው ፊት አይቆምም፣ ከጎኑ ነው የሚቆመው። ከሞላ በኋላ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቫልቩ ላይ ያደርጋል፤ አረፋ ካልወጣ ክዳኗን ያጠብቃል። መኪና ሲመጣ ደግሞ መለኪያ ከማንሳቱ በፊት መዳፉን ጎማው ላይ ጭኖ «ከየት መጣህ? ስንት ሰው ትጭናለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የጋለ ጎማ ንፋሱ ስለሚያብጥ መለኪያው ላይ ከልኩ በላይ ያሳያል። ያንን አይቶ የቀነሰ ሰው፣ ጎማው ሲበርድ ጎድሎ ያገኘዋል። ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን ንፋሱ ነው። ንፋስ ሲጎድል የጎማው ጎን በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፤ ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፈው እንደሚግል ይግላል፤ ከውስጥ ያራል። የጎንደሩ ጥቁር ዱቄት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ራሃሚም ሌላም ልማድ ነበረው። ግትር ደንበኛ መጥቶ «ይህን ያህል ብቻ ሙላ» ካለው አይከራከርም። «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ እሺ ማለቱ ነው፣ ይልና ልኩን ይሞላለታል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ ተናድጄ «ለምን ትዋሸዋለህ?» ስለው «እሱ ቃሌን ይዞ ሄደ፣ ጎማው ንፋሱን ይዞ ሄደ፤ ሁለቱም ደህና ይገባሉ» አለኝ። ይህን አንድ ነገር ከሱ አልወረስኩም። ሰዎች «ያኔ እንደሱ ብታደርግ ኖሮ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። እውነት እንደ ኮንትሮባንድ ተደብቆ ካልሆነ አያልፍም ወይ?

ራሃሚም ሲያረጅ ልጁ ሱቁን ተረከበ። ይኸኛው አለቃዬ ደግሞ ናይትሮጅን መሸጥ አመጣ። በአረንጓዴ ክዳን፣ በተለየ ዋጋ። ጎማ የምንሞላበት ተራ ንፋስ ራሱ አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። «ይህን ለድሃ ሰው እንዴት ልሽጥ?» ብዬ ጠየቅሁት። «በፈገግታ» አለኝ። እኔም ነጋዴ ነኝ፣ ግን በረባሶ ስሸጥ ቢያንስ እግር ይገባበት ነበር። ወጣሁና ገዴራ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ።

ገዴራ ደህና ነበርኩ። የኛ ሰው አገሬ ብሎ ይመጣል፤ ዕብራይስጡ የማይቀናው ሁሉ እኔ ዘንድ ይቆማል። ከሚመጡት አንዱ አያ ተሻገር ነበር፣ የታላቅ እህቴ የትርንጎ ባል። ያቭኔ ነው የሚኖሩት። አያ ተሻገር አገር ቤት ሳለ ከጎንደር መተማ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። እዚህ ሚኒባስ አለው፤ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ ወደ ቤኤር ቱቪያ ፋብሪካዎች ያመላልሳል። በተረፈው ሰርግ ሲሆን ሰርገኛ፣ ልቅሶ ሲሆን ለቀስተኛ ይጭናል። ልቅሶ ደግሞ አይጠፋም፤ የኛ ሰው ሩቅ ከተማ ያለ ዘመድ ሞተ ሲባል ቁጭ ብሎ አያድርም። ያ ሚኒባስ ሞልቶ፣ ተርፎ፣ ሕፃን ጭን ላይ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። እህቴ ሁልጊዜ ከኋላ ትቀመጣለች፤ የፊቱን ለሽማግሌ ትለቃለች።

አንድ የበጋ ቀትር ላይ መጣ። ሱቁ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ከመኪናው ወርዶ ጎማውን በመፍቻ መታ መታ አደረገ፤ የድሮ ሹፌር መለኪያው ጆሮው ነው።

«ፈንቴ! ያላ፣ ቶሎ በል፣ የኋላዎቹን ወደ አርባ አውርድልኝ። ሐሩሩን አታይም?»

መዳፌን ጫንኩበት፤ ያቃጥላል። «አያ፣ ጎማው ግሏል። አሁን አይቀነስም። ጠዋት ሳትነዳው አምጣና እንለካው። የዚህ መኪና የንፋስ ልኩ ሰባ ነው፤ በሩ ላይ ተጽፏል።»

«በሩ ላይ የጻፈው ፈረንጅ መተማ ወርዶ ያውቃል?»

ሰው ሳቀ። እኔም ዝም አልል ነገር፣ «ቢወርድም ያው ንፋስ ነው የሚያገኘው» አልኩ።

«እኔ በዚያ ሐሩር ስነዳ ንፋስ እየቀነስኩ ነው የነዳሁት! አንተ ያን ጊዜ በረባሶ ትቆርጥ ነበር!»

«ልክ ነህ አያ። የምቆርጠውም ያንተን ጎማ ነበር።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። አያ ተሻገር አልሳቀም። መፍቻውን መኪናው ውስጥ ወርውሮ ገባና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የንፋስ ነገር መሆኑ ቀረ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተሰየመብኝ። አማች ከአማች ተኳርፎ አይከረምም ተብሎ ያቭኔ እህቴ ቤት ተጠራሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። መካከል የተቀመጡት አባ ደስታ ናቸው። አክብሮት አይጉደልባቸውና ስንት የፈረሰ ትዳር የጠገኑ፣ ስንት የተማማለ ቤተሰብ ያስታረቁ ሰው ናቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ የዳኙት ግን ሰውን ነው። ሰው ደግሞ ትንሽ ሲተዉለት ትንሽ ይተዋል።

«አንተ ስንት ይሞላ አልክ?» አሉኝ።

«ሰባ፣ አባ።»

«ተሻገርስ?»

«አርባ!» አለ አያ ተሻገር፣ ከኔ ቀድሞ።

ሦስቱ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ከዚያ አባ ደስታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ሁለታችሁም ልጆቻችን ናችሁ። ሰባውም ይውረድ፣ አርባውም ይውጣ። ሀምሳ አምስት ይሁን። ፈንታሁን በገዛ እጅህ ትሞላለህ፤ በዚሁ ይለቅ» አሉ።

«አሜን» አለ ቤቱ። የእግዚአብሔር ያለህ! የእርሻ ድንበር እንደሚካፈሉ ንፋስ ተካፈሉ። ጎማው ሽምግልናው ላይ አልተጠራ፣ ጭነቱ ምስክር አልቆመ!

«አባ፣ ይህ እኮ ድንበር አይደለም» አልኩ። «በሀምሳ አምስት ያን ሁሉ ሰው ጭኖ በዚህ ሐሩር ሩቅ ከሄደ ይፈነዳል።»

እህቴ ትርንጎ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ደረቷን መታች። «አንተ! ምን ዓይነት አፍ ነው!»

«ልጄ» አሉ አባ ደስታ፣ «ክፉ ቃል አታውጣ። ልጆች የሚሳፈሩበት መኪና ነው።»

«ስለሚሳፈሩበት ነው የማወጣው! በኔ እጅ ሀምሳ አምስት አይሞላም።»

ጉልበታቸውን ሳልስም ወጣሁ። ትርንጎ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ።

«እታለም» አልኳት፣ «እስኪያስተካክለው ድረስ አትሳፈሪበት። ስለ እናታችን።»

«በባሌ መኪና አልሳፈር? ሰው ምን ይለኛል? አንተ ሽማግሌ አዋርደህ ወጣህ፣ እኔ ደግሞ ባሌን ላዋርድ?»

«ሰው የሚለው ጎማ አይሞላም።»

«ሂድ ወዲያ!» አለችኝ፤ ግን የያዘችውን እጅጌዬን አልለቀቀችም ነበር። እኔ ነኝ ያስለቀቅኋት።

አያ ተሻገር ማደያ ሄዶ ራሱ ሞላ። ማደያው ላይ ያለው መሣሪያ የዘመኑ ነው፤ የፈለግከውን ቁጥር ትነግረዋለህ፣ ሲደርስ ጲጵ ይላል። ከየት መጣህ፣ ስንት ሰው ትጭናለህ ብሎ አይጠይቅም። ሀምሳ አምስት አሉት፣ ጲጵ አለ። ሽማግሌም መሣሪያም ተስማሙ።

ብዙም ሳይቆይ ቤርሼባ ልቅሶ ሆነ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ፤ ሲመለስ ከቀትር በኋላ፣ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ግሎ። ቂርያት ማላኪ መገንጠያ ሊደርሱ ሲሉ የኋላ ቀኙ ጎማ ፈነዳ። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ የብርቱካን እርሻ አጥር ላይ ተጋደመ። ሰው አልሞተም፣ ስሙ ይመስገን። የሌሎቹ መጋጋጥ ነበር። እህቴ ግን ከኋላ፣ በፈነዳው ጎን ነበረች። ዳሌዋ ተሰበረ።

ሆስፒታል ስደርስ አያ ተሻገር ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ቀና ብሎ አየኝና አንዲት ቃል ተናገረ። «ደስ አለህ?» አለኝ።

ከዚያ ሄጄ መኪናው የተጎተተበት ግቢ ጎማውን አየሁት። ከላይ ጥርሱ ገና ነው። ከውስጥ እጄን ሰደድኩ፤ ጥቁር ዱቄት ይዤ ወጣሁ። ጎኑ ዙሪያውን አሮ፣ ሽቦው ፈጦ ነበር። ከፍርስራሹ ቆርጬ ሱቄ አመጣሁት። ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ «ልጄ፣ ልክ ነበርክ» እንደሚሉኝም እርግጠኛ ነበርኩ። ስንት ዓመት ነግጄ እንዲህ ያለ ሞኝ ተስፋ ይዤ አላውቅም።

መጡ። ቁራጩን አወጣሁላቸው። «አባ፣ እዩት ይኼን። ይህ በንፋስ ማነስ ያረረ ጎማ ነው። ዱቄቱን ይንኩት።»

አባ ደስታ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «ልጄ፣ እኛ ጎማ ልናይ አልመጣንም። አፍህን ልናይ ነው የመጣን።»

«አፌን?»

«ይፈነዳል አልክ፤ ፈነዳ። እኛ በሰላም የቋጨነውን አንተ በክፉ ቃል ፈታኸው። ተሻገርን ይቅርታ ጠይቅ። እህትህም ትዳን።»

የጎማውን ቁራጭ መልሼ መሬት ላይ አኖርኩት። አገር ቤት ሳለን ጎረቤቶቻችን አባቶቻችንን ብረት ስለቀጠቀጡ ቡዳ ይሏቸው ነበር። ማረሻቸውን ያሠሩና ልጆቻቸውን ከዓይናችን ይሸሽጉ ነበር። እነ አባ ደስታ ራሳቸው በዚያ ስም ተሰድበው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ያን ሁሉ አገር አቋርጠን፣ በረሃ ለበረሃ ሰው ቀብረን የመጣነው ይህን ስም ጥለነው እንድንገላገል መስሎኝ ነበር። ለካ አንዱ በሻንጣው ደብቆ አምጥቶታል። ብረት ለሠራው ዓይን፣ ንፋስ ለሞላው አፍ!

«ይቅርታ አልጠይቅም» አልኩ። «ይልቅ እናንተ ትርንጎን ይቅርታ ጠይቋት።»

«በል እንግዲህ ከእህትህ ደጅ እንዳትደርስ» አሉኝ፤ ተነሱ። አንደኛው ሽማግሌ ሲወጣ የጎማውን ቁራጭ በከዘራው ወደ ጥግ ገፋው።

ወሬው ከገዴራ ያቭኔ፣ ከያቭኔ ቂርያት ማላኪ ተሯሯጠ። ደንበኛ መምጣት ቀነሰ። የመጣውም እንግዳ ሆነ። አንዲት ሴት መኪናዋን አቁማ ከመስኮት አንገቷን አውጥታ «ንፋስ ብቻ ሙላልኝ። እባክህ ምንም አትናገር» አለችኝ። ሞላሁ። የፊት ጎማዋ ላይ ራሱ የሚያብረቀርቅ ሚስማር አየሁ። አልቻልኩም።

«እመቤት፣ ሚስማር አለበት።»

«አታሟርትብኝ አላልኩህም!» ብላ ሞተሩን አስነስታ ሄደች። ሚስማሩም አብሯት ሄደ። የት እንደደረሱ አላውቅም።

ከሩሲያም ከሞሮኮም የመጣው ሰው እኔ ዘንድ መምጣት አልለመደም፤ የኖርኩት በኛ ሰው ነበር። ሱቁን ዘጋሁ። ኮምፕሬሰሩን የገዛኝ ሰው ገና መኪና ላይ ሳይጭነው የበርሜሉን ውሃ አፍስሼ ሰጠሁት፤ እሱ ግን ዞር ብሎም አላየ። ከዚያ እስከ ጡረታዬ ቤኤር ቱቪያ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አነሳሁ። እዚያ ያሉት ዕቃ ማንሻ መኪኖች ጎማቸው ድፍን ላስቲክ ነው፤ ንፋስ የሚባል አይገባባቸውም። አለቃው በፊት ምን ሠራተኛ ነበርክ ብሎ ሲጠይቀኝ «ጫማ ነጋዴ» አልኩት። ሌላውን ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም።

ትርንጎ ባሏ ሲወጣ ጠብቃ ትደውልልኛለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ እንደ ሌባ። ባለፈው ስለ ሕመሟ አውርታ አውርታ ስታበቃ፣

«መኪናው አሁን ደህና ነው» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ሳይነሳ ይለካዋል። ሰባ ነው የሚሞላው።»

«ማን ነገረው?»

«ማደያው ላይ የሚሠራ አንድ ሩሲያዊ አለ። አዋቂ ሰው ነው ይላል።»

«ለሽማግሌዎቹስ ነግሯቸዋል?»

«ተወኝ እስቲ ፈንቴ። አንተ ደግሞ።»

«አንቺስ? ከኋላ ተቀምጠሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አንዲት ቀን፣ በሰው ፊት፣ 'ወንድሜ ልክ ነበር' ብትይ ምን አለ?»

የምርኩዟን ኳኳታ ሰማሁ። ወደ በሩ ሄዳ ደረጃውን ስታዳምጥ ነበር መሰለኝ። «መጣ» አለችና ዘጋችው።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። ሚኒባሱ በሰባ ይሄዳል። እህቴ በምርኩዝ ትሄዳለች። የገዴራው ሱቅ ፋላፌል ይሸጥበታል። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታ የጠየቀኝም የለም።